412 ሊንክ ሰብስበን ማንም አልከፈተውም፦ የአንድ ማውጫ ጉዳይ ከደብረ ማርቆስ

ነገሩ የተጀመረበት ማታ

ደብረ ማርቆስ ላይ ዌብሳይት በመሥራት የምንተዳደር ሦስት ሰዎች ነን። አንዷ ዲዛይን ትሠራለች። አንዱ ኮድ ይጽፋል። እኔ ደንበኛ አነጋግራለሁ፣ ጽሑፍ አስተካክላለሁ፣ ሰው ሲጠፋ ኮድም እነካካለሁ። ሥራዎቻችን ትልልቅ አይደሉም፤ የሆቴል ገጽ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ የእህል ነጋዴ፣ አልፎ አልፎ ከቢቸና ወይ ከደጀን የሚመጣ ማኅበር። ስም አልጠራም። ልጆቹም ደንበኞቹም አልፈለጉም።

ጥቅምት 2015 ላይ አንድ የሆቴል ባለቤት የምግብ ዝርዝሩን በፋይል ላከልን። ከፈትነው። ጥብስ፣ ሽሮ፣ ዱለት የሚል ስንጠብቅ የላቲን ፊደልና የነጥብ ዝብርቅርቅ ወጣ። ፋይሉ ድሮ፣ በእነ ፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መተየቢያ ሶፍትዌር ነው) ዘመን የተተየበ ነበር። ለማያውቀው ሰው አስማት ይመስላል እንጂ ምክንያቱ ቀላል ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል መለያ ቁጥር ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ እኛ ጋ ደግሞ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ ሶፍትዌሮቹ የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ዓይን «ሰ» ሲያይ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ሌላ ፊደል ነው። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ ዝባዝንኬ ይሆናል።

መፍትሔው መቀየሪያ ነው፤ አሮጌውን ጽሑፍ ተቀብሎ ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ። ከዓመት በፊት አንድ ጥሩ መቀየሪያ ተጠቅመን እናውቃለን። ግን የት ነው ያለው? የእኔ ቴሌግራም ላይ ለራሴ የላክኋቸው ሊንኮች ከሠርግ ፎቶና ከባንክ ደረሰኝ ጋር ተደባልቀዋል። ኮድ የሚጽፈው ልጅ አሮጌ ላፕቶፑን ከቁም ሳጥን አውጥቶ ይጎረጉር ጀመር። መሀል ላይ መብራት ሄደ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ዲዛይነሯ ከአንድ ጓደኛዋ ጋር ያወራችበት የድሮ መልእክት ውስጥ አገኘችው። ፍለጋው አራት ሰዓት ፈጀ። ቅየራው ሁለት ደቂቃ።

«በቃ፣ አንድ ቦታ እንሰብስበው» ያልነው ያን ማታ ነው። ለእኛ ብቻ ሳይሆን ጎጃም ውስጥ፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ እንጅባራ፣ ከባሕር ዳር እስከ ሞጣ ዌብሳይት ለሚሠራ ሁሉ የሚሆን ማውጫ።

የመጀመሪያው ማውጫ

አንድ የጋራ ሠንጠረዥ ከፈትንና ሁላችንም ያለንን ማፍሰስ ጀመርን። ፎንት፣ ነጻ ፎቶ፣ ቴምፕሌት (ዝግጁ የገጽ ንድፍ)፣ የኮድ ትምህርት፣ ሆስቲንግ (ዌብሳይት የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ)፣ ቀለም መምረጫ፣ ምስል ማሳነሻ፣ ፕለጊን፣ ምናምን። ማታ ማታ ሻይ እየጠጣን «ይቺን አስገብተሃታል?» መባባል ሱስ ሆነብን። በአምስት ሳምንት 412 ሊንክና 27 ምድብ ደረስን። ቁጥሩ ራሱ ያስደስታል። አሁን ሳስበው፣ ያን ጊዜ ማውጫ የምንሠራ መስሎን ቁጥር ነበር የምናሳድገው።

ሠንጠረዡን ወደ ዌብሳይት ቀየርነው፣ አርማ ሠራንለት፣ ለምናውቃቸው ሁሉ ላክነው። «እግዜር ይስጥልን፣ ትልቅ ነገር ነው!» የሚል መልስ ጎረፈ። ከዚያ ጸጥ አለ። በአራተኛው ወር ቆጣሪውን ስናይ ሰው የለም። የሚገቡት ራሳችን ነን፤ እኛም የምንገባው አዲስ ሊንክ ለመጨመር እንጂ ልንፈልግበት አልነበረም። እዚህ ላይ መንቃት ነበረብን። የሠራው ሰው ራሱ የማይጠቀምበትን ነገር ማን ይጠቀምበታል?

አጠገቧ ቁጭ ብዬ ያየሁት

መጋቢት ላይ ከደምበጫ የመጣች ልጅ ለልምምድ እኛ ጋ ገባች። ገና ተመራቂ ናት። አንድ ቀን ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ ገጽ ፎቶ ያስፈልግ ነበርና «እታለም፣ እስኪ በማውጫችን ነጻ ፎቶ ፈልጊልኝ» አልኳት። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ምንም አልነግራትም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ስልኳ ላይ ከፈተችው። ገጹ ቀስ እያለ መጣ። 27ቱን ምድቦች በአውራ ጣቷ ወደ ላይ ገፋቻቸው። «ግብዓቶች» የሚለው ላይ ቆመች፣ ተወችው። «የእይታ ቁሳቁስ» የሚለው ላይ ገባች። (ይህን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ምን ሆኜ እንደሆነ አላውቅም።) ሠላሳ ስምንት ሊንክ ተደረደረላት። የመጀመሪያውን ነካች፤ አልከፈተም። ሁለተኛውን ነካች፤ ክፍያ ጠየቃት። ከዚያ ድምፅ ሳታሰማ ወጥታ ጎግል ላይ መጻፍ ጀመረች። ጠቅላላው አንድ ደቂቃ አይሞላም።

«ለምን ወጣሽ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ የትኛው ጥሩ እንደሆነ አይናገርም እኮ።»

በዚያች ዓረፍተ ነገር የአምስት ሳምንቱ ድካም ውኃ ወቀጣ መሆኑ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ሦስታችንም ተቀምጠን ሠንጠረዡን እንደ ባዕድ አነበብነው። መግለጫዎቹ ከየዌብሳይቱ የተቀዱ ነበሩ፤ ሁሉም ስለ ራሱ «ምርጥ» ይላል። ከሊንኮቹ ብዙዎቹ የዶላር ካርድ የሚጠይቁ ናቸው፤ እዚህ ሀገር ለሚሠራ ልጅ ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የሞቱም ነበሩ። ምድቦቹ እኛ ለመደርደር እንዲመቸን የተሠሩ እንጂ ለፈላጊው የተሠሩ አይደሉም።

ትልልቆቹስ የት ሄዱ

አንድ ነገር ያጽናናን ነበር። እንዲህ የወደቅን የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። የያሁ ማውጫ እ.ኤ.አ. በ1994 ተጀምሮ በ2014 መጨረሻ ተዘጋ። ዲሞዝ የሚባለው፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጀው ግዙፍ ማውጫ ደግሞ ከ1998 እስከ መጋቢት 2017 ኖረ፤ ይህም እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱም ዓለምን በሙሉ ሊደረድሩ የተነሱ ነበሩ። ሰው ፍለጋውን ሲለምድ መደርደሪያውን ተወው። ታዲያ ጎግል እያለ እኛ ምን ይዘን ነው የምንቀርበው? ልጅቷ ነግራናለች፦ የትኛው ጥሩ እንደሆነ። እዚህ ከተማ፣ በዚህ ኔት፣ በብር የሚሠራ ሰው የትኛው ያዋጣዋል የሚለውን ጎግል አይመልስም። እኛ ግን በእጃችን ሞክረነዋል።

መቁረጥ

አንድ ሕግ አወጣን። ማንኛውም ሊንክ እንዲቆይ ከሦስታችን አንዱ በእውነተኛ ሥራ ላይ የተጠቀመበት መሆን አለበት፣ የትኛው ሥራ ላይ እንደሆነም መናገር አለበት። «ጥሩ ይመስለኛል» አይቆጠርም።

ጭቅጭቁ ከባድ ነበር። ኮድ የሚጽፈው ልጅ አንድ የአኒሜሽን መሣሪያ ላይ ሙጭጭ አለ። «የት ሥራ ላይ?» ስንለው፣ «ወደፊት...» አለ። ወጣ። እኔም የምወዳቸው አሥራ አንድ የጽሑፍ አጻጻፍ ገጾች ነበሩኝ፤ አንዱንም ለደንበኛ ተጠቅሜበት አላውቅም። ወጡ። ሰኔ 2015 ላይ 96 ቀሩ። ሦስት መቶ አሥራ ስድስቱን ስንሰርዝ ሆዴ ባር ባር ብሏል፣ አልዋሽም።

መግለጫዎቹን እንደ አዲስ በራሳችን ቋንቋ ጻፍናቸው። ስለ አንድ ፎንት የጻፍነውን ላሳያችሁ፦

«ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ። ነጻ ነው፣ ለደንበኛ ሥራም ይፈቀዳል። ከቀጭን እስከ ደማቅ ስላለው ለርዕስም ለጽሑፍም ይሆናል። መስመር ለመስመር ትንሽ አራርቁት፣ ያለበለዚያ ይታፈናል። ለሆቴል ምግብ ዝርዝር ተጠቅመንበታል።»

ሁለተኛው አቢሲኒካ ስለሚባለው ፎንት ነው፦ «ለመጽሐፍ መሰል ገጽ ያምራል። ግን ደማቁ የለውም፤ ደማቅ አድርግ ስትሉት ብሮውዘሩ በግድ ያወፍረዋል፣ ፊደሉ ይጨፈለቃል። ለርዕስ ሌላ ፈልጉ።» ይቺ «ሌላ ፈልጉ» የምትለዋ ከሁሉ በላይ የምታስፈልግ ሆና አገኘናት። ሰው ሊንክ የሚያምነው ጉድለቱን ስትነግረው ነው።

በየሊንኩ ጎን አጫጭር ምልክቶችም አደረግን፤ ነጻ፣ ካርድ ይጠይቃል፣ ስልክ ላይ ይሠራል፣ ያለ ኔት ይሠራል። ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት «ካርድ ይጠይቃል» የሚለውን ነው፤ ካዩት ያልፉታል። ይኼ ራሱ ጊዜ ቆጣቢ ነው።

ምድቦቹን በጥያቄ ቀየርናቸው። «ቅርጸ ቁምፊ» የሚለው ቀርቶ «አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ታየኝ» ሆነ። «የምስል ማመቻቸት» ቀርቶ «ፎቶው ገጹን አዘገየው» ሆነ። «ደንበኛው የድሮ ፋይል ላከልኝ» ለብቻው ምድብ ሆነ፤ የዚያች የጥቅምት ማታ መታሰቢያ ነው። 27 ምድብ ወደ 12 ጥያቄ ወረደ።

«ሥዕል» እና «ስእል»

ፍለጋው ላይ አንድ አስቂኝ ነገር ገጠመን። ዲዛይነሯ መግለጫዎቹን ስትጽፍ «ሥዕል» ብላ በደንቡ ጽፋለች። ልጅቷ «ስእል» ብላ ፈለገች። ዜሮ። «ድረ ገጽ» ብለን የጻፍነውን ሰው «ድረገፅ» ብሎ ይፈልገዋል። ዜሮ። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን «ሠ» እና «ሰ» የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ያደረግነው ይህ ነው። ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት የተጻፈውንም የተፈለገውንም በውስጥ ወደ አንድ ዓይነት ፊደል እንቀይራለን። ሐ፣ ኀና ኸ ከነዘሮቻቸው ወደ ሀ ይሄዳሉ፤ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣም አንድ ይሆናሉ። ክፍት ቦታና ሰረዝ ይወገዳል። ይህ ለማመሳከር ብቻ ነው፤ ገጹ ላይ የሚታየው ጽሑፍ አይነካም። የፊደል ጠበቃ የሆኑ አንባቢዎች እንዳይቆጡን ነው የምናገረው። ሥራው ለልጁ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። ያለዚህ ግን አማርኛ ፍለጋ ማለት ዕድል መሞከር ነው።

አንድ የቀረ ነበር። ብዙ ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚጽፈው፣ ቻት እንደሚያደርገው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሊንክ ከዓይን የተሰወረ አንድ መስመር ጨመርንና ሰው ሊጽፍ የሚችላቸውን አጻጻፎች አስገባንበት። ይኼ በእጅ የሚሠራ አሰልቺ ሥራ ነው። አቋራጭ አላገኘንለትም።

ገጹን በተመለከተ አጭር ልበል። ዳታቤዝ የለም። 96ቱም በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ናቸው፣ ገጹ ያንን ያነባል። ጊትሃብ ፔጅስ የሚባል የገጽ ማስቀመጫ ላይ በነጻ ነው የተቀመጠው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድ ፋይል ውስጥ በሚቀመጥበት መንገድ) እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይይዛል፣ የላቲኑ አንድ ነው፤ ያም ሆኖ ሁሉም ተደምሮ ከ100 ኪሎባይት በታች ነው። ፎንት አንጭንም። ዛሬ ያሉት ስልኮች የግዕዝ ፊደል ይዘው ነው የሚመጡት።

ኔት ሲጠፋ

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ለወራትም አልተመለሰም። ማውጫችን በደንብ ተስተካክሎ ሁለት ወር ሳይሞላው ማለት ነው። ያኔ የሠራነው ነገር ምን እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ታየን። ማውጫ መንገድ ነው የሚጠቁምህ። መንገዱ ሲዘጋ ጥቆማው ምን ያደርግልሃል?

ኮድ የሚጽፈው ልጅ በቤተሰብ ጉዳይ አዲስ አበባ መሄድ ነበረበት። 64 ጊጋባይት ፍላሽ ይዞ ሄደ። ከ96ቱ ውስጥ መውረድ የሚችሉትን አወረደ፤ ዌብሳይት መሥሪያውን ዎርድፕሬስን፣ ፎንቶቹን፣ የኮድ መጻፊያውን፣ ኤምዲኤን የሚባለውን የኤችቲኤምኤልና የሲኤስኤስ (ገጽ የሚጻፍባቸው ቋንቋዎች) ማብራሪያ። እዚህ ላይ ፈቃድ የሚባለውን ነገር በቁም ነገር ማየት ነበረብን። ዎርድፕሬስ ማንም ገልብጦ እንዲያድለው የተፈቀደ ነው። ሁለቱ ፎንቶችም እንዲሁ። ኤምዲኤን ምንጩን እስከጠቀስክና ያሻሻልከውን በዚያው ፈቃድ እስካጋራህ ድረስ መቅዳት ይፈቅዳል። መቅዳት የሚከለክሉ ገጾችም ነበሩ፤ ተውናቸው። አንድ ወዳጃችን «የተሰበሩ የክፍያ ቴምፕሌቶች አሉኝ፣ ጨምሯቸው» ብሎ መጥቶ ነበር፤ በክፍያ የሚሸጡ ሆነው ቁልፋቸው ተሰብሮ በነጻ የሚዞሩትን ማለቱ ነው። እንቢ አልን። የእሱን ክፋት ፈርተን አይደለም፤ እንደዚህ ዓይነት ቴምፕሌት ውስጥ የተደበቀ ኮድ ተገኝቶ የአንድ ደንበኛችንን ገጽ ሲያበላሽ በዓይናችን አይተናል።

ፍላሹ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሉማሜ፣ ከዚያ ወዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ዞረ። በሦስተኛው ሳምንት ሲመለስ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። ቫይረስ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ዋናውን ቅጂ ላፕቶፕ ላይ ባናስቀር ኖሮ የአዲስ አበባው ጉዞ ከንቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍላሽ እየተመለሰ ወደ ዋናው አይገለበጥም፤ በመጣ ቁጥር ተደምስሶ ከዋናው እንደ አዲስ ይጻፋል።

ኔት ከተመለሰ በኋላም ይህ ቅጂ አልቀረም። እንዲያውም «ፍላሹ አለ?» ብሎ የሚመጣ ሰው «ሊንኩን ላክልኝ» ከሚለው አያንስም። ዳታ ውድ ነዋ።

ያልሠሩ ነገሮች

ሊንኮቹ መሞታቸውን የሚያጣራ ትንሽ ፕሮግራም ልጁ ጽፎ ነበር። በየሳምንቱ እያንዳንዱን አድራሻ ያንኳኳል፤ 404 (ገጹ የለም) ካለ ቀይ፣ 200 (ገጹ አለ) ካለ አረንጓዴ። ኮራንበት። አንድ ቀን ከአንድ ከተማ የኮምፒውተር መምህር ደወለልኝ። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «ወንድምዓለም፣ ምን በደልሁህ?» አለኝ። ከማውጫችን አንድ የነጻ ምስል ሊንክ በፕሮጀክተር፣ ተማሪ ፊት ከፍቶት ኖሯል። የወጣው የቁማር ገጽ ነው። የድሮው ባለቤት ዶሜይኑን (የገጹን የአድራሻ ስም) አላሳደሰም፣ ሌላ ገዛውና ያን ጫነበት። የእኛ ፕሮግራም ገጹ መልስ ስለሰጠ አረንጓዴ ብሎታል። ቤቱ ውስጥ ሰው አለ ማለት የቤቱ ጌታ ነው ማለት አይደለም። አሁን ፕሮግራሙ የገጹን ርዕስ ይይዛል፤ ርዕሱ ከተቀየረ ይነግረናል። በወር አንድ ጊዜም በዓይናችን እናያለን። መምህሩ ይቅር ብሎኛል፣ ግን እስካሁን ሲያገኘኝ ይስቅብኛል።

ቀኑም ጉድ አምጥቷል። በየሊንኩ ሥር መቼ እንደታየ እንጽፋለን። አንዱ ላይ «5/6/2017» ይላል፣ የካቲት 5 ማለታችን ነው። ውጭ ሀገር ያለ አንድ አንባቢ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቦት «ስምንት ዓመት ያልነካችሁትን ነገር ታጋራላችሁ?» ብሎ ጻፈልን። ወሩን በስም መጻፍ ጀመርን። ብሮውዘሮች የእኛን ቀን አቆጣጠር ራሳቸው ማስላት ስለሚችሉ ሥራው አልከበደም።

ሊንክ መላኪያ ቅጽ ከፍተን ነበር። የመጣው በአብዛኛው የራስ ማስታወቂያ ነው፤ የራሱን ቪዲዮ፣ ሰው ሲመዘገብበት ኮሚሽን የሚያስገኝለትን ሊንክ። ከሠላሳ ጥቆማ አንዱ ቢጠቅም ነው። ዘጋነው።

ከሁሉ የምጸጸትበት ግን ብሩ ነው። አንድ ሆስቲንግ የሚሸጥ ሰው በወር 3,000 ብር እከፍላለሁ፣ የመጀመሪያው ቦታ ላይ አስቀምጡኝ አለን። ዲዛይነሯ «እንቀበል፣ ማስታወቂያ ነው ብለን እንጻፍበት» አለች። ልጁ አኮረፈ። እኔ ከዲዛይነሯ ጋር ሆንሁ። ሁለት ወር ተቀበልን። «ማስታወቂያ» የሚለውን ያነበበው የለም። የሁለት ሰዎች ገጽ ሲወድቅባቸው የደወሉት ለሻጩ ሳይሆን ለእኛ ነው፦ «እናንተን አምነን እኮ ነው!» መልስ አልነበረንም። በሦስተኛው ወር አነሳነው። አንዱ ከዚያ ወዲህ ሰላም ይለኛል እንጂ ስለ ሥራ አያማክረኝም።

ለሌላ ሰው የሚሆነው

እንዲህ ዓይነት ነገር ልሥራ ለሚል፣ ለጤና ባለሙያም ይሁን ለመምህራን ወይ ለልብስ ሰፊዎች፣ ከዚህ ጉዳይ የሚወሰደው መጀመሪያ አንድ ተጠቃሚ አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ማስረዳት የለም። ደቂቃ አይፈጅም፣ ወራት ይቆጥባል። እኛ ከአምስት ሳምንት ልፋት በፊት ብናደርገው ኖሮ 412 አንደርስም ነበር።

ምድብ በሰው ችግር ቃል ይሰየም። ሰው ስልክ ደውሎ የሚልህን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ውሰደው፤ «ሳጥን ሳጥን ሆነብኝ» ከማንኛውም ሙያዊ ስም ይበልጣል።

አማርኛ ላይ የምትሠራ ከሆነ ፊደል ማመሳሰሉን ከመጀመሪያው ቀን አስገባ። ሊንኮችህ ሲጸነሱ ጀምሮ የሚወርድ ቅጂ ያስፈልጋቸዋል፤ የእኛን ሀገር ኔት ታውቀዋለህ።

መጠኑን ደግሞ በመንከባከብ አቅምህ ለካው። ጎጃም ውስጥ ላደገ ሰው ይኼ አይጠፋውም፤ የጤፍ ማሳ የሚያደክመው መዝራቱ ሳይሆን አረሙ ነው። 96 ሊንክ በወር አንዴ ማየት ለአንድ ሰው አንድ ሙሉ ቅዳሜ ይበላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እኛም 12ቱን ጥያቄዎች ለሦስት ተካፍለን ለየአንዳንዳችን አራት አራት ደረሰን። የየራሱን ያላየ ምሳ ይጋብዛል። እስካሁን ብዙ የጋበዝሁት እኔ ነኝ።

ገንዘብን በተመለከተ መልስ የለኝም። ማውጫው ዛሬም ሳንቲም አያስገባም። ዶሜይኑን ከኪሳችን ነው የምንከፍለው።

ወረቀቱ

አሁን ስለ ወረቀቱ ልንገራችሁ። ኔት በጠፋበት ሰሞን 12ቱን ጥያቄዎች፣ ለየአንዳንዳቸው አንድ አንድ መልስ፣ በአንድ ኤ-4 ገጽ አትመን ሰፈራችን ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሰጠን። ባለቤቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ከፎቶ ኮፒ ዋጋው ዝርዝር አጠገብ፣ ከፕሪንተሩ በላይ ለጠፉት። ስልክ የሚያነበው ባለ ጥቁር ነጥብ ካሬም ከሥሩ አለው። ለጊዜው ብለን ነበር።

ኔት ከተመለሰ በኋላ ልናነሳው ስንሄድ ጋሼ አላስነሡንም። «ልጆቹ እሱን እያዩ ነው የሚሠሩ፣ ምን አረጋችሁ?» አሉን። ቀረብ ብዬ ሳየው ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። በአራተኛው መልስ ጎን «ይኼ አሁን ያስከፍላል»። በሰባተኛው ሥር ሌላ እጅ፣ በቀይ፦ «ከዚህ የሚሻል አለ» ብሎ አድራሻ። አንዱ ደግሞ «ጋሼ ቶነር ይቀይሩ» ብሎበታል።

ቅጹን ከፍተን በወራት ያላገኘነውን ጥቆማ ግድግዳው ላይ አገኘነው። ቀዩን አድራሻ ሞከርነው፤ እውነቱን ነው፣ ይሻላል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሦስታችን ተረኛው ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎራ ብሎ ወረቀቱን ፎቶ ያነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ማውጫውን ያስተካክላል። ጽሑፉ ሲበዛ አዲስ ወረቀት እናትማለን። የሰሞኑ ስድስተኛው ነው፤ ጋሼ ግራና ቀኙ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ እንዲኖረው አስጠንቅቀውናል፣ እስክሪብቶም በክር አስረው አንጠልጥለውበታል።